የዮላንዳ ጎመን

እንቅልፍ አይመጣም። አቢሊዮ ይህን ያውቃል፤ ያም ሆኖ ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል፣ ምክንያቱም በሐምሌ ሐሩር ግራናዳ ውስጥ ከቀትር በኋላ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰባት ወጣቶች እግራቸውን ከአንሶላው አውጥተው ያንኮራፋሉ፣ እሱ ደግሞ በስድሳ ሦስት ዓመቱ ከላይኛው አልጋ ላይ ተሰቅሏል፣ ጣሪያው ከአፍንጫው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፣ በተገላበጠ ቁጥር አልጋው ይንቋቋል፣ ከታች የተኛው ልጅ ያጉረመርማል፣ ስለዚህ አይገላበጥም፣ እንደ ሬሳ ቀጥ ብሎ ያስባል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት ፖርቶ ላይ የሚስቱ የዴኦሊንዳ ልብ በቀዶ ጥገና ይቀደዳል፤ ማለት፣ እሺ ካለች። እሺ አላለችም። ከቤት ከወጣ ስድስት ቀኑ፣ ሳላማንካ አንድ ሌሊት፣ ሴቪያ ሁለት፣ ኮርዶባ ላይ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው በጋራ ክፍል አይተኛም ብለው በሩ ላይ መለሱት፣ አውቶቡስ ጣቢያ ወንበር ላይ አነጋ፣ ትናንት ማታ እዚህ ገባ። በየሆስቴሉ ያሉት ልጆች ሰው ሲያገኙ ስሙን ከመጠየቃቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ከየት ነህ፣ ከወጣህ ስንት ጊዜህ ነው፣ ከዚህ ወዴት ነህ። ከብራጋንሳ በላይ ካለው ተራራ ነኝ ይላል። ስድስት ቀኔ ነው ይላል። ሦስተኛው ላይ ዝም ይላል፣ እነሱም ጥበብ ያለው ሽማግሌ መስሏቸው በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ልጁን ነው የሚፈልገው። ዮላንዳ በጥር ለሦስት ሳምንት ብላ ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላ ወጣች፣ ሦስቱ ሳምንት ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምቱን በላ፣ ላሞቹ ወለዱ እሷ የለችም፣ ወይኑ ተገረዘ እሷ የለችም። አንዱን ከተማ ሁለት ሳምንት፣ ሌላውን ሁለት ሳምንት፣ የሆስቴል አልጋ እያነጠፈች፣ ሽንት ቤት እያጠበች፣ በደመወዝ ፋንታ አልጋ እየተሰጣት። የጎረቤት ልጅ ናት ፎቶዋን በስልክ ያሳየችው፤ ሌላ መንገደኛ ያነሳት፣ አንሶላ በትከሻዋ ጥላ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። ዮላንዳ የራሷን የኢንተርኔት ገጽ ሁሉ ዘግታለች፣ ከመንደሩ የሚጻፍላት አይደርሳትም። አቢሊዮ ፎቶውን አይቶ፣ እቤት አንሶላ ያነጠፈችበትን ቀን አላስታውስም አለ። ያኔ ሳቀ መሰለው። አልሳቀም።

ዴኦሊንዳ የምትለው አንድ ነገር ነው፣ ሌሊትም ቀንም፣ ሐኪሙ ፊትም ሳይቀር ብላዋለች። «ምን እንዳደረግኳት ሳላውቅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልወጣም። ከዚያ ጠረጴዛ የማይወርድ ሰው አለ። ልጄን ምን እንደበደልኳት ሳላውቅ አልሞትም።» ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ወረቀቱን አገላበጠ፣ የሐሙሱ ካለፈ ተራው ለኅዳር ነው አላት፣ ልብዎ ግን ኅዳርን አያውቅም አላት። እሷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የልጇን ቁጥር ትደውላለች። የሚያነሳው ሴቱባል የሚኖር ጎሚስታ ነው፣ ቁጥሩ ለእሱ ደርሶታል። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር። አሁን ለምዷታል። «አሁንም እኔው ነኝ እናቴ፣» ይላታል፣ «ልብዎ እንዴት ዋለ?» ትነግረዋለች። እሱም ስለ ጎማ ዋጋና ስለ አማቱ ይነግራታል። ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ትዞራለች፣ ቁጥሯን የቀየረችው እኔን ለመሸሽ ነው አይደል፣ ትለዋለች። እሱ ዳቦ ይቆርሳል። ዳቦ በእጁ ያለ ሰው አይጠየቅም።

ቁጥሩን ያዘጋው እሱ ነው። የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከተማ ወረደ፤ መስመሩ በስሙ ነው የወጣው፣ በየወሩ የሚከፍለውም እሱ ነው፣ ስልክ ሲቋረጥባት ትመጣለች ብሎ አሰበ፣ ላም ጨው ሲቋረጥባት ከጫካ እንደምትመለስ። የሱቁ ልጅ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ርግጠኛ ነዎት፣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይተላለፋል፣ መመለስ የለም። ፈረመ። አቢሊዮ በዕድሜው የፈረመው ጥቂት ነው፣ ጋብቻውን፣ የመሬቱን ወረቀትና ይህን። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚባለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል፤ ለፋሲካ ካልመጣሽ ከዚህ ቤት የሚደውልልሽ የለም ብሏታል፣ አልመጣችም፣ አደረገው። ይህ እንኳ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀር ነበር። ግንቦት ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ጓዳ ውስጥ እሱ ብቻ ነው፣ ያነሳል፣ አባዬ እማዬን ስጠኝ ትላለች፣ ድምፅዋ ከሩቅ ነው፣ ከኋላዋ ሰሃን ይንኳኳል። በመስኮቱ ዴኦሊንዳን ያያታል፣ ጎመኑ መሃል አጎንብሳ ከቅጠሉ ትል ትለቅማለች፣ መጥራት ነው፣ መስኮቱን በጣት መምታት ብቻ ነው፣ አሥር እርምጃ አይሆንም። «እናትሽ ድምፅሽን መስማት አትፈልግም፣» አለ። አራት ቃል። ለምን እንዳለው እስከ ዛሬ አያውቅም። እኔ አልፈልግም ማለት ነበር የፈለገው፣ ወይም ነይ ማለት፣ ከጉሮሮው ሲወጣ ግን የሚስቱን ስም ይዞ ወጣ። ማን ነው የደወለው አለችው ዴኦሊንዳ እጇን እየታጠበች። የመብራት ውል የሚሸጡት ናቸው አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ስልክ በልጅቷ ጥሪ ጮኾ አያውቅም።

ስለዚህ መልሱ በእጁ ነው። ምን አደረግኳት ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው፣ ከማድ ቤቱ ወንበር ሳይነሳ መመለስ ይችል ነበር። አልመለሰም። በምትኩ የጀርባ ሻንጣ ገዛ፣ ላሞቹን ለጎረቤት አደራ ሰጠ፣ የበረቱን ጓጉንቸር ለሆስቴሎቹ ሳጥን ይዞ መጣ፣ ፈልጌ አመጣታለሁ አላት። በዕድሜው ከብራጋንሳ ገበያ ወዲያ ድንበር ተሻግሮ የማያውቅ ሰው። አንዱን ነገር ላለመናገር ሰው እስከ የት ሊሄድ እንደሚችል ሳስበው ይገርመኛል ይላል ለራሱ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ትናንት እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ሮሲዮን ጠይቋታል። የድንበር ገበያ እስፓኝኛውን ትሰማለች፣ ትሥቅበታለችም። «የእንግዳም የሠራተኛም ስም አንናገርም ጌታዬ፣ ሕግ ነው።»

«አባቷ ነኝ።»

«አባትም ቢሆኑ።» መታወቂያውን እያየች ቁጥሩን ትጽፍ ነበር። ቀና ብላ ጨመረች፣ «በተለይ አባት ከሆኑ።»

ከስድስት ቀን ወዲህ በየመቀበያው የሚሰማው ይኸው ነው፣ አንዱ በትሕትና ይለዋል፣ አንዱ በስልቹነት። ከበረት የጠፋች ላም የት እንዳለች ሰው ሁሉ ይነግርሃል፣ እዚህ ልጅህ ከግድግዳው ማዶ ብትተኛ የሚነግርህ የለም።

ተነሳ። በእግር ጣቶቹ መሰላሉን እየፈለገ ወረደ፣ ከታች ያለው ልጅ አጉረመረመ። ውሃ ጠምቶታል፣ ሳሉም ተነስቶበታል፣ የድርቆሽ አቧራ የተከለው ሳል ነው፣ ማንንም ላለመቀስቀስ አፉን በክንዱ አፍኖ ወደ ምድር ቤቱ ማድ ቤት ይወርዳል። ፍሪጁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከፊቱ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይዞ አንድ ጢማም ሰው ቁጢጥ ብሏል፣ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው የቀረበ፣ ትናንት አንሶላ የሰጠው ነው፣ አርጀንቲናዊው ላውታሮ።

«አባት፣ አልተኙም? በዚህ ሰዓት የሚነቃ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ጀርመን ነው።»

አቢሊዮ ብርጭቆ ፈለገ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ይሄ የእኔ መስቀል ነው። እዩት፣ ስም የለውም። ስምና የመውጫ ቀን ያልተለጠፈበት ይጣላል፣ ግድግዳው ላይ በአራት ቋንቋ ተጽፏል፣ ማንም አያነብም። ይሄ አይብ ደግሞ ከእኔ በፊት ነው እዚህ የተቀጠረው።» አይቡን ወደ ከረጢቱ ወረወረ።

«ምግብ አይጣልም።»

«እንግዲያው ይብሉልኝ፣ እኔም ከመሸከም እድናለሁ።» እጁ ላይ ያለውን ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ ዘረጋለት። «ይኼኛው ደህና ነው፣ የትናንት ነው። ሾርባ።»

ተቀበለው። ክዳኑ ላይ በነጭ ፕላስተር «ዮላንዳ። እሑድ» ይላል። ይህ ስም የእሷ ብቻ አይደለም፣ በእስፓኝ ስንት ዮላንዳ አለ፣ ሴቪያ ላይም አንዷን እሷ ናት ብሎ የሰው ልጅ ሲያሳድድ ውሏል፣ ልቡን ገታው። ክዳኑን ከፈተ። ጎመን። ድንች የፈላበት ውሃ ውስጥ፣ እንደ ክር፣ እንደ ፀጉር የተከተፈ ጎመን። እዚህ አገር ጎመን እንደ መዳፍ ነው የሚቆረጠው። ይህን ያህል ለማቅጠን ቅጠሉን በቅጠል ላይ ደርቦ እንደ ትምባሆ አጥብቆ መጠቅለል፣ ቢላዋውን አውራ ጣት ላይ አስደግፎ መላጨት ነው፣ ዴኦሊንዳ ናት ያስተማረቻት፣ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ጠረጴዛው እስከ አገጯ ይደርሳል፣ ከትፋ ታመጣለታለች፣ ወፍራም ነው፣ ይኼ ለላም ነው ይላታል፣ ተመልሳ ትከትፋለች፣ ጣቷን ጨርቅ አስራ ትከትፋለች፣ አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጣለት ቆመች፣ እሱ ምንም ሳይል በላ። ዝምታው ምስጋና መሆኑን የምታውቅ ይመስለው ነበር። ማን ነገራት?

«እሑድ ይላል፣» አለ አቢሊዮ። «ገና ማክሰኞ ነው። ለምን ትጥለዋለህ?»

«ባለቤቱ የለችማ። እስከ እሑድ ነበር ተራዋ፣ ዛሬ ማለዳ ሻንጣዋን አዝላ እልም አለች። የሦስተኛውን ፎቅ አልጋ ሁሉ ለእኔ ጥላልኝ። ሃያ ሁለት አልጋ፣ ይቁጠሩት።»

«ለምን ሄደች?»

«ሴት ልጅ ስትሄድ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ያገባ ሰው ነው። እኔ እንጃ። የሌሊቱን እንግዶች ዝርዝር ሰጠኋት፣ ለአንሶላ ቆጠራ። ስታነብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ ‹ሁለተኛ ፎቅ ላይኛው አልጋ ያለውን ሰውዬ ያስለዋል ወይ?› እንደ አሮጌ ትራክተር አልኳት።» ላውታሮ ሳቀ፣ ከዚያ ቀና ብሎ የአቢሊዮን ፊት አየ፣ እጁ ላይ ያለውን ዕቃ አየ፣ ሳቁን ተወ። ቀስ ብሎ ተነሳ። «አባቷ ነዎት።»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ምንም አልነገርኩዎትም።»

አንድ ሌሊት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ከላዩ ያለው ወለል ላይ ነበረች፣ ሳሉን ጠይቃ አውቃዋለች፣ ስድስት ቀን ሲፈልጋት አገኘችው፣ አግኝታውም ሻንጣዋን አዘለች። አቢሊዮ ማጠቢያውን ተደገፈ። ሰው ልጁን እያሳደደ ከእናቷ ሊያርቃት እንደሚችል አሁን ነው የገባው፣ በደረሰበት ከተማ ሁሉ እሷ ትነሳለች፣ ሐሙስ ይደርሳል።

«የት ሄደች?»

«አልነግርዎትም።»

«ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ስልኳም አለኝ። አልነግርዎትም።»

ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆን በጢሙ ይይዘው ነበር። አሁን ግን እጁ ላይ ያለውን ሾርባ እንዳይደፋው ብቻ ይጠነቀቃል። «እናቷ ታማለች። ሐሙስ ልቧ ይቀደዳል። ልጄን ሳልሰማ አልገባም ብላለች።»

ላውታሮ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደማያምን ሰው። «እናቷማ ድምፅሽን መስማት አልፈልግም ብለዋታል። ቫሌንሲያ አብረን ስንሠራ ነው የነገረችኝ። ማድ ቤት ሰሃን እያጠብን ሄዳ ደወለች፣ ተመልሳ መጥታ ያንኑ ሰሃን እንደገና አጠበችው። ሁለት ቀን አልተናገረችም።»

ያ ሰሃን ነው። ስልኩ ውስጥ ሲንኳኳ የሰማው። አራቱ ቃላት ተራራውን ወርደው፣ እስፓኝን ዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ በማያውቀው ጢማም ሰው አፍ ተመለሱለት፣ አንድም ቃል አልጎደለባቸውም።

ወደ ግቢው ወጣ። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል፣ የልጆቹ ፎጣ ገመድ ላይ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ሆኗል፣ ባለ ቁልፉን ስልክ ከኪሱ አወጣ፣ በአንዱ ጥሪ አነሳችው፣ ሁልጊዜ በአንዱ ጥሪ ነው የምታነሳው።

«አገኘሃት?»

«አላገኘኋትም።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው አቢሊዮ።»

«አውቃለሁ። ዴኦሊንዳ፣ ምንም አላደረግሻትም።»

«አንተ በምን ታውቃለህ?»

ነገራት። ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ነው የነገራት፣ ሰሃኑን፣ መብራት ሻጮቹን፣ አራቱን ቃል፣ ንጹሑን ሸሚዝ፣ ፊርማውን፣ ብዙ የመናገር ልማድ ስለሌለው ነገሩን እንደ ድንጋይ አንድ አንድ እያነሳ አስቀመጠላት፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገው፣ በአፉ ያውቀው እንደሆነ አያስታውስም፣ አላገኘውም። ከጨረሰ በኋላ እዚያ ማዶ ዶሮ ሲያስካካ ተሰማው። የራሱ ዶሮ ነው።

«ያን ቀን ጎመኑ ውስጥ ነበርኩ፣» አለች።

«አዎ።»

«በመስኮት ታየኝ ነበር?»

«አይሻለሁ።»

«እያየኸኝ ነው እንዲህ ያልካት?»

«እያየሁሽ።»

አላለቀሰችም። ቢያለቅሱበት የሚሻለው ጊዜ አለ። «እዚያ እሷን የሚያውቅ ሰው አለ?» አለችው፣ በገበያ ቀን ድምፅዋ፣ ላም በምታሻሽጥበት።

«አንድ ጢማም አለ።»

«ስልኩን ስጠው። አንተ ውጣ።»

«ውጭ ነኝ።»

«ከዚያ ራቅ።»

ሰጠው። ላውታሮ ስልኩን በጆሮው ይዞ አዎ እመቤቴ፣ አዎ እመቤቴ እያለ ወደ ማድ ቤት ገባ፣ የመስታወቱን በር በእግሩ ዘጋው። አቢሊዮ ከግቢው ጫፍ ያያል። ሰውየው የራሱን ስልክ አውጥቶ በአሮጌው ስልክ ላይ ደገነው፣ ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ አገናኝቶ ሳይንቀሳቀስ ቆመ፣ እናትየው እየተናገረች ነው፣ ድምፅዋ እየተቀዳ ነው፣ ወደማያውቀው ከተማ እየሄደ ነው። ምን እንደምትል አይሰማም። አርባ ዓመት አብሯት ኖሮ አሁን ምን እንደምትል መገመት እንኳ አልቻለም። ላውታሮ አንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዞረ፣ ዓይኑን በክርኑ ጠረገ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ጠበቀ። አቢሊዮም ቆሞ ጠበቀ። ጥላው በእግሩ ሥር ትንሽ ረዘመ፣ ከፎቅ መስኮቶች አንዱ ተከፈተ፣ የነቃች ልጅ ፀጉሯን እያሰረች ዘፈን ነገር አንጎራጎረች፣ ሌላው ዝም በይ አላት በራሱ ቋንቋ።

ላውታሮ ከስልኩ አንድ ነገር አንብቦ በአሮጌው ስልክ እንደገና ተናገረ። በሩ ሲከፈት አቢሊዮ አልቀረበም። ላውታሮ ነው ወደ እሱ የመጣው።

«መልሳለች። ለእናቷ እየደወለችላቸው ነው፣ አሁን፣ እያወሩ ነው። ነገ ፖርቶ ትገባለች። ሐሙስ እሷ ናት የምታስገባቸው።»

አቢሊዮ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ትገባለች? ዴኦሊንዳ እሺ አለች?»

«እሺ ብለዋል።»

የግድግዳውን ድንጋይ ያዘ፣ ድንጋዩ አቃጠለው፣ አልለቀቀውም። «ዛሬ ማታ በሚሄደው አውቶቡስ ከተነሳሁ ነገ ከቀትር በፊት...»

«አይነሱም።» ላውታሮ አሮጌውን ስልክ በመዳፉ ላይ አስቀመጠለት፤ ዓይኑን ግን አላየውም። «ልጅቷ አንድ ነገር ነው የጠየቀችው። እሱ እዚያ ካለ አልመጣም አለች። ሆስፒታልም፣ ቤትም።»

«ዴኦሊንዳስ?»

«‹እዚያው ይቆይ› ብለዋል።»

«እስከ መቼ?»

«ጠየቅኳቸው አባት። በእግዜር፣ ጠየቅኳቸው። ስልኩን ዘጉት።»

ላሞቹስ ሊል ነበር። ድርቆሹስ። ጎረቤቱ አደራ የተቀበለው ለሳምንት ነው። እነዚህን ሁሉ ለላውታሮ መንገር ምን ያደርጋል፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሐሙስ ጠዋት እሷን በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት እጇን የሚይዝ አለ፣ የመጣውም ለዚህ ነበር፣ ሆነ። ደስ ሊለው ይገባል። ደስ ብሎት ይሆናል፣ አያውቅም።

በመተላለፊያው አልፎ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደ። ሮሲዮ ከእንቅልፏ ተነስታ መጥታለች፣ ጉንጯ ላይ ያለው የትራስ መስመር ገና አልጠፋም፣ መስኮቱን ከፈተች፣ መዝገቡን ከፈተች፣ መታወቂያውን ጠየቀችው፣ ሰጣት።

«ሌላ ሌሊት መጨመር ይፈልጋሉ?»

«አዎ።»

«ስንት ሌሊት?» እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችው።

የሌሊቶቹን ቁጥር የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም አሁን በስልክ እያወሩ ነው።